ነጻው ዘበኛ፦ ለቤት ኮምፒውተር የትኛው አንቲቫይረስ ይሻላል?

በደብረ ማርቆስ ከተማ አንድ ፍላሽ በአንድ ቀን ስንት ቦታ ይደርሳል? ጠዋት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዋ የመመረቂያ ጽሑፏን ለማሳተም ፎቶ ኮፒ ቤት ትወስደዋለች። እዚያ ከእርሷ በፊት ብዙ ሰው ፍላሹን የሰካበት ኮምፒውተር ላይ ይሰካል። ከሰዓት በኋላ ታናሽ ወንድሟ ይዞት ይወጣና ፊልም ያስጭንበታል። ማታ አባት የዘመድ ሠርግ ፎቶ ለማየት የቤቱ ላፕቶፕ ላይ ይሰኩታል። በማግስቱ ደግሞ መምህርት እናት የተማሪዎቻቸውን ውጤት ገልብጠውበት ወደ ትምህርት ቤት ይዘውት ይሄዳሉ። ከእነዚህ ኮምፒውተሮች አንዱ ቫይረስ ካለበት፣ ቫይረሱ በሁለት ቀን ውስጥ ከፎቶ ኮፒ ቤቱ እስከ መምህራን ክፍል የባጃጅ ሳይከፍል ደርሷል ማለት ነው።

“ፋይሌን ቫይረስ በላው” እንላለን። የሚበላው ግን ፋይል ብቻ አይደለም። የወራት የጥናት ሥራ፣ ዛሬ በሕይወት የሌሉ አያት ያሉበት ፎቶ፣ የልጅ ክርስትና ቪዲዮ፣ የኢሜይልና የባንክ የይለፍ ቃል ሁሉ አብሮ ሊሄድ ይችላል። በዓመት እየታደሰ ገንዘብ የሚከፈልበት አንቲቫይረስ መግዛት ደግሞ ለብዙ ቤተሰብ ቀላል አይደለም። ክፍያው በውጭ ምንዛሪ መሆኑም ሌላ ችግር ነው። ስለዚህ ጥያቄው ሁለት ነው። በነጻ የሚገኘው ይበቃል ወይ? ከነጻዎቹስ የትኛው ይሻላል?

ለመጀመሪያው ጥያቄ መልሱ አጭር ነው፤ ለአብዛኛው ቤት ይበቃል። ሁለተኛው ግን ኮምፒውተርዎ ምን ዓይነት እንደሆነና ከምን ጋር እንደሚነካካ ማወቅ ይጠይቃል።

አደጋው ከየት ይመጣል?

አውሮፓ ወይም አሜሪካ ውስጥ የሚጻፉ ምክሮች አንድ ነገር እንደ ቀላል ይወስዳሉ፤ ኮምፒውተሩ ሁልጊዜ ኢንተርኔት ላይ ነው ብለው ያስባሉ። በጎጃም ሁኔታው እንዲህ አይደለም። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ወራት ተቋርጦ እንደነበር አንባቢ አይዘነጋውም። በዚያ ጊዜ ሰው ፋይል መለዋወጡን አላቆመም። መንገዱን ከኔት ወደ ፍላሽ ቀየረ እንጂ።

ይህ ደግሞ ሁለት ነገሮችን በአንድ ጊዜ ያመጣል። አንደኛ፣ ፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ በተዘዋወረ ቁጥር ቫይረስ መንገድ ያገኛል። ሁለተኛ፣ አንቲቫይረሱ ያረጃል። አንቲቫይረስ የሚሠራው በአብዛኛው የታወቁ ቫይረሶችን ምልክት መዝግቦ በመያዝ ነው። መዝገቡ በየቀኑ ይታደሳል። ካልታደሰ ግን ከስድስት ወር በፊት የሚፈለጉ ሌቦችን ፎቶ ይዞ በር ላይ የቆመ ዘበኛ ይሆናል፤ ትናንት የመጣውን ሌባ አያውቀውም፣ “ይግቡ” ብሎ ያሳልፈዋል። በእርግጥ ዘመናዊዎቹ የፕሮግራሙን ጠባይ አይተው የሚጠረጥሩበት መንገድም አላቸው። ቢሆንም ከእነዚህ ችሎታዎች ብዙዎቹ ከኩባንያው ኮምፒውተር ጋር በኢንተርኔት መገናኘትን ይፈልጋሉ።

ስለዚህ እኛ አንቲቫይረስ ስንመርጥ “ስንት ቫይረስ ይይዛል?” ከሚለው ጋር “ኔት ሲጠፋ መዝገቡን በፍላሽ ማደስ ይቻላል ወይ?” ብለን መጠየቅ አለብን።

መጀመሪያ እቤት ያለውን ይዩ

ብዙ ሰው አዲስ ላፕቶፕ ሲገዛ ወይም ፎርማት ሲያስደርግ ሱቁን የሚጠይቀው “አንቲቫይረስ ጫንልኝ” ብሎ ነው። ዊንዶውስ 10 ወይም ዊንዶውስ 11 ከሆነ ግን ቀድሞ ተጭኗል። ስሙ ማይክሮሶፍት ዲፌንደር ይባላል። ከዊንዶው ጋር አብሮ ይመጣል፣ ክፍያ የለውም፣ “ፕሪሚየሙን ይግዙ” እያለም አይጨቀጭቅም። ድሮ ደካማ ነው ይባል ነበር፤ ዛሬ ግን አንቲቫይረሶችን እያወዳደሩ ውጤታቸውን በነጻ በሚያወጡት ሁለት የታወቁ ተቋማት፣ በጀርመኑ ኤቪ ቴስትና በኦስትሪያው ኤቪ ኮምፓራቲቭስ ፈተናዎች፣ ገንዘብ ከሚከፈልባቸው ጋር ተሰልፎ ጥሩ ውጤት የሚያመጣ ሆኗል።

መሥራቱን ለማረጋገጥ በመፈለጊያው ሳጥን ውስጥ “ዊንዶውስ ሴኩሪቲ” የሚለውን በእንግሊዝኛ ይጻፉና ይክፈቱት። የጋሻ ምልክት አለው። “ቫይረስ ኤንድ ትሬት ፕሮቴክሽን” የሚለው ላይ አረንጓዴ ምልክት ካለ እየሠራ ነው። ቀይ ከሆነ አንድ ሰው አጥፍቶታል ማለት ነው፤ ማን ለምን እንዳጠፋው ከዚህ በታች እንመለስበታለን። እዚያው ገጽ ላይ ወረድ ብሎ “ፕሮቴክሽን አፕዴትስ” የሚል አለ፤ መዝገቡ መጨረሻ የታደሰበት ቀን የሚታየው እዚያ ነው። ቀኑ ከሳምንት ካለፈ “ቼክ ፎር አፕዴትስ” የሚለውን ይንኩ። የሞባይል ዳታ ለመቆጠብ ብለው ግንኙነቱን “ሜተርድ” አድርገውት ከሆነ መታደሱ ሊዘገይ ስለሚችል ይህን በእጅ ማድረግ ይልመዱ።

ሌላ መጨመር ከፈለጉ

ዲፌንደር ለማይመቸው ሰው ሌሎች የታወቁ ነጻ አማራጮች አሉ። የሩማንያው ቢትዲፌንደር ነጻ ዕትም አለው፤ ምርጫው ጥቂት፣ ሥራው ጸጥ ያለ ነው፤ ለመጠቀም ግን በኢሜይል አካውንት መክፈት ይጠይቃል። የሩሲያው ካስፐርስኪም ነጻ ዕትም አለው። ቫይረስ በመያዝ ስሙ ትልቅ ነው፤ ሆኖም የአሜሪካ መንግሥት የብሔራዊ ደህንነት ስጋት ብሎ እ.ኤ.አ. በ2024 በአገሩ እንዳይሸጥ ከልክሎታል፤ ኩባንያው ክሱን አይቀበልም። አቫስት፣ ኤቪጂ እና አቪራም በአገራችን ኮምፒውተሮች ላይ የተለመዱ ስሞች ናቸው። ሦስቱም ዛሬ የአንድ ኩባንያ ንብረት ስለሆኑ “አቫስትን ትቼ ኤቪጂ ልጫን” ማለት ያን ያህል ለውጥ አያመጣም።

እዚህ ላይ “ነጻ” የሚለው ቃል ራሱ መታየት አለበት። አንቲቫይረስ የሚሠራ ኩባንያ ደመወዝ የሚከፍላቸው ሠራተኞች አሉት። እርስዎ ካልከፈሉ ሌላ ሰው እየከፈለ ነው። ብዙ ጊዜ ክፍያው ማስታወቂያ ነው፤ በየጊዜው ብቅ እያለ የሚከፈልበትን እንዲገዙ ይወተውትዎታል። ይህ ያሰለቻል እንጂ አይጎዳም። አንዳንዴ ግን ክፍያው እርስዎ ራስዎ ይሆናሉ። እ.ኤ.አ. በ2020 መጀመሪያ ላይ አቫስት ጃምፕሾት በተባለ እህት ኩባንያው በኩል የተጠቃሚዎቹን የኢንተርኔት አሰሳ መረጃ ሲሸጥ እንደነበር ተጋለጠ። ጃምፕሾት ተዘጋ፤ በ2024 ደግሞ የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን አቫስትን 16.5 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል አድርጓል። ከዚህ የምንማረው አንድ ነገር ነው፤ የትኛውንም ነጻ አንቲቫይረስ ሲጭኑ “ኔክስት፣ ኔክስት” እያሉ አይለፉት። መረጃዎን ለሌላ ለመስጠት የሚጠይቀውን ሳጥንና አብሮ ሊጫን የሚፈልገውን ብራውዘር ምልክቱን ያንሱበት።

በየኢንተርኔት ቤቱና በየጽሕፈት ቤቱ የሚታየው ስማዳቭም መነሳት አለበት። የኢንዶኔዥያ ሥራ ነው፣ መጠኑ ትንሽ ነው፣ በተለይ ለፍላሽ ቫይረስ ይወደዳል። ነገር ግን ሠሪዎቹ ራሳቸው የሚያቀርቡት ከዋናው አንቲቫይረስ ጎን የሚቆም ተጨማሪ መከላከያ አድርገው ነው። ስማዳቭን ጭኖ ዋናውን ማጥፋት ረዳቱን ቀጥሮ ዘበኛውን እንደ ማሰናበት ነው።

ሁለት ዋና አንቲቫይረስ በአንድ ኮምፒውተር ላይ መጫንም አይመከርም። አንዱ ሌላውን እንደ ጠላት ያየዋል፣ ሁለቱም ተመሳሳይ ፋይል ለመፈተሽ ይሻማሉ፣ ኮምፒውተሩም ያዘግማል። ሌላ ሲጭኑ ዲፌንደር ራሱ ወደ ጎን ይላል፤ ያኛውን ሲያራግፉት ደግሞ መመለሱን ይመልከቱ።

ዊንዶውሱ ካረጀ

ዘበኛው ምንም ጎበዝ ቢሆን አጥሩ ከፈረሰ አይሆንለትም። አጥሩ ዊንዶውሱ ነው። በግንቦት 2009 ዓ.ም. (ሜይ 2017) ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ በ150 አገሮች ከ200 ሺህ በላይ ኮምፒውተሮችን ቆልፎ ገንዘብ ሲጠይቅ የገባው ማይክሮሶፍት ከሁለት ወር በፊት መድኃኒቱን ባወጣለት ቀዳዳ ነበር። የተጎዱት ዊንዶውሳቸውን ያላደሱት ናቸው።

ዊንዶውስ 7 ድጋፉ ከቆመ ቆይቷል፤ ጃንዋሪ 2020 ላይ ነው። ዊንዶውስ 10 ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. መደበኛ ድጋፉ አብቅቷል። ለግል ተጠቃሚዎች የደህንነት እድሳቱን ለተወሰነ ጊዜ የሚያራዝም ምዝገባ አለ፤ በሴቲንግስ ውስጥ “ዊንዶውስ አፕዴት” ገጽ ላይ ከታየዎት ይመዝገቡ። የዲፌንደር የቫይረስ መዝገብ ግን በዊንዶውስ 10 ላይ እስከ ኦክቶበር 2028 መታደሱን እንደሚቀጥል ማይክሮሶፍት አስታውቋል። ስለዚህ ዊንዶውስ 10 ያለው ሰው ነገ ላፕቶፑን መጣል የለበትም፤ ወደ 11 የሚያልፍ ከሆነ ግን ቢያሳልፈው ይሻላል።

ዊንዶውስ 11 የማይቀበላቸው አሮጌ ላፕቶፖች ብዙ ናቸው። ለእነዚህ ሊኑክስ ሚንት የተባለው ነጻ ስርዓት ጥሩ አማራጭ ነው። ጽሑፍ ለመጻፍ፣ ፊልም ለማየትና ኢንተርኔት ለመጠቀም ይበቃል፤ በየፍላሹ የሚዞሩት ለዊንዶውስ የተሠሩ ቫይረሶችም አይነሱበትም። እናት የቢሮ ሥራቸው ላይ የለመዱት ፕሮግራም ግን ላይሠራ ስለሚችል ቀድመው ይሞክሩት።

ክራክ፦ በሩን የሚከፍተው ማን ነው?

አሁን ወደ ቀዩ ምልክት እንመለስ። አንቲቫይረሱን ብዙ ጊዜ የሚያጠፋው ቫይረስ አይደለም፤ ሰው ነው። ክራክ የተደረገ ፕሮግራም ወይም ዊንዶውስን ያለ ክፍያ “አክቲቬት” የሚያደርግ መሣሪያ ሲጫን “መጀመሪያ አንቲቫይረሱን አጥፉ” የሚል መመሪያ አብሮት ይመጣል። ሱቁ ያጠፋዋል፣ ይጭነዋል፣ መልሶ ማብራቱን ይረሳዋል። አንዳንዴ መሣሪያው ራሱ ቫይረስ ይሆናል። አንዳንዴ አይሆንም። የትኛው እንደሆነ ግን ባለቤቱ የሚያውቅበት መንገድ የለም።

ብዙ ቤት ውስጥ ክራክ የሚገባው ለሁለት ነገሮች ነው፤ ለጽሑፍ ሥራና ለአማርኛ መጻፊያ። ሁለቱም በሕጋዊ መንገድ በነጻ ይገኛሉ። ሊብሬ ኦፊስ የወርድና የኤክሴል ፋይሎችን ይከፍታል፣ ይጽፋል። ለአማርኛ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞር የፓወር ግዕዝ ቅጂ ከመፈለግ ይልቅ ኪማን የተባለውን ነጻ መጻፊያ መጫን ይቻላል፤ ዊንዶውስ ራሱም በቋንቋ ምርጫው ውስጥ የአማርኛ ኪቦርድ አለው። ከመሥሪያ ቤት በፓወር ግዕዝ የተጻፈ ሰነድ የሚመጣልዎ ከሆነ ፕሮግራሙን ከባለቤቱ ማግኘቱ ይሻላል።

በቴሌግራም የሚላኩ ፋይሎችም እንዲሁ ናቸው። “የማትሪክ ጥያቄ ከነመልሱ” ተብሎ የመጣ ፋይል ሲከፈት ሰነድ ሳይሆን ልጫን የሚል ፕሮግራም ከሆነ፣ ልጅዎ እንዳይነካው አስቀድመው ይንገሩት። ሰነድ ፈቃድ ጠይቆ አይጫንም። ኢንተርኔት ላይ ድንገት ብቅ ብሎ “ኮምፒውተርዎ 5 ቫይረስ አለበት፣ ይህን ይጫኑ” የሚል ገጽም ሐሰተኛ ነው። ድረ ገጽ የኮምፒውተርዎን ሆድ አያይም።

ኔት ሲጠፋ

ማይክሮሶፍት የዲፌንደርን መዝገብ በአንድ ፋይል አድርጎ በድረ ገጹ ላይ በነጻ ያስቀምጣል። ከ100 ሜጋባይት በላይ ነው፤ ስለዚህ በሞባይል ዳታ ሳይሆን ዋይፋይ ባለበት፣ ለምሳሌ በዩኒቨርሲቲው ግቢ፣ ማውረዱ ያዋጣል። ፋይሉን በንጹሕ ፍላሽ አምጥተው እቤት ሁለት ጊዜ ሲነኩት መዝገቡን ያድሳል። ተማሪ ልጅ ያለው ቤት ይህን የልጁ ሥራ ያድርገው፤ በሁለት ሳምንት አንዴ። ፋይሉ ከማይክሮሶፍት ገጽ ብቻ መምጣት አለበት፤ ጓደኛ የሰጠው “አፕዴት” አፕዴት ላይሆን ይችላል።

ፍላሹ ፎልደሮቹን ሲደብቅ

በአካባቢያችን በጣም የተለመደው ችግር ይህ ነው። ፍላሹን ሲከፍቱት ፎልደሮቹ ሁሉ ቀስት ያለባቸው ሾርትከት ሆነዋል፤ ወይም ፍላሹ ባዶ ይመስላል፣ መጠኑ ግን ሙሉ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ሁለት ስህተት ይሠራል፤ ሾርትከቱን ደጋግሞ ይነካዋል፣ ወይም “ጠፋ” ብሎ ፎርማት ያስደርገዋል። ሾርትከቱን መንካት ቫይረሱን ማስነሳት ነው። ፎርማት ማድረግ ደግሞ በሕይወት ያለን ፋይል መቅበር ነው፤ ፋይሉ ብዙ ጊዜ አልጠፋም፣ ተደብቋል እንጂ።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። ፍላሹ ላይ በቀኙ የማውስ ቁልፍ ነክተው “ስካን ዊዝ ማይክሮሶፍት ዲፌንደር” የሚለውን ይምረጡ። ሲጨርስ በፋይል መክፈቻው መስኮት ላይ “ቪው” ከሚለው ውስጥ “ሂደን አይተምስ” የሚለውን ያብሩ። ካልታየዎት “ኦፕሽንስ” ውስጥ ገብተው “ሃይድ ፕሮቴክትድ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ፋይልስ” ከሚለው ላይ ምልክቱን ያንሱ። የደበዘዙ ፎልደሮች ብቅ ይላሉ። ሰነድና ፎቶውን ብቻ ወደ ኮምፒውተሩ ይገልብጡ፤ የማያውቁትን ፕሮግራም ይተዉት። ከዚያ በኋላ ነው ፍላሹ ፎርማት የሚደረገው። ቫይረሱ ኮምፒውተሩ ላይ ሥር ከሰደደ በዊንዶውስ ሴኩሪቲ “ስካን ኦፕሽንስ” ውስጥ ያለው “ኦፍላይን ስካን” ኮምፒውተሩን አጥፍቶ በማስነሳት ዊንዶውሱ ሳይነቃ ይፈትሻል። ላፕቶፑ ባትሪው ደካማ ከሆነ መብራት ሊጠፋ በሚችልበት ሰዓት አይጀምሩት።

ይህን ሁሉ የሚያስቀር ልማድ ግን ቀላል ነው። ከውጭ የመጣ ፍላሽ ሳይፈተሽ አይከፈት። ከጎረቤት የመጣ እህል ነቀዝ እንዳለበት ሳይታይ ጎታ እንደማይገባ ማለት ነው። ለማሳተሚያ የሚወጣ ፍላሽና እቤት የሚቀር ፍላሽም ይለዩ። ለፎቶ ኮፒ ቤቱ የሚያስፈልገው አንድ ፋይል ብቻ ከሆነ የቤተሰቡን ፎቶ ሁሉ ይዞ መውጣት ምን ይጠቅማል?

አንቲቫይረስ የማይመልሰው

ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ አንዴ ሥራውን ከጨረሰ አንቲቫይረስ ቫይረሱን ያስወግዳል እንጂ የተቆለፈውን አይከፍትም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሆናል። ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት የአውሮፓ ፖሊስ ድርጅት፣ የሆላንድ ፖሊስና የጸረ-ቫይረስ ኩባንያዎች እ.ኤ.አ. በ2016 የጀመሩትን “ኖ ሞር ራንሰም” የተባለ ነጻ ድረ ገጽ ይመልከቱ፤ ለአንዳንዶቹ ቫይረሶች መክፈቻ ቁልፍ ያስቀምጣል። ለሁሉም ግን የለውም።

እውነተኛው መድን ሁለተኛ ቅጂ ነው። የማይተካውን ነገር፣ ፎቶውን፣ ቪዲዮውን፣ የመመረቂያ ጽሑፉን፣ በውጫዊ ሃርድ ዲስክ ላይ ይገልብጡ፤ ገልብጠው ሲጨርሱም ነቅለው ቁም ሳጥን ውስጥ ያስቀምጡት። እንደተሰካ የሚውል ሃርድ ዲስክ ከኮምፒውተሩ ጋር አብሮ ይቆለፋል። ሃርድ ዲስክ መግዛት ካልተቻለ ለዚህ ብቻ የተለየ ፍላሽ ይበቃል። የመመረቂያ ጽሑፍ የምትጽፍ ልጅ ደግሞ በየሳምንቱ ፋይሏን ለራሷ ኢሜይል ብትልከው አንድ ብር አያስወጣትም ማለት ይቻላል።

ለዚህ ሳምንት

ዊንዶውስ 10 ወይም 11 ካለዎት አዲስ ነገር ከመጫንዎ በፊት ዲፌንደር መብራቱንና መዝገቡ የታደሰበትን ቀን ይዩ። ስሙን የማያውቁት ሌላ አንቲቫይረስ ካገኙ፣ ወይም የሙከራ ጊዜው አልፎ የቆመ ካለ፣ ያራግፉት፤ ጊዜው ያለፈበት ዘበኛ ቦታ ይዞ ዲፌንደርን ወደ ጎን አስቀርቶት ሊሆን ይችላል። ከዚያ አንድ ጊዜ “ፉል ስካን” ያስጀምሩ፤ ሰዓታት ሊወስድ ስለሚችል ማንም ኮምፒውተሩን በማይፈልግበት ጊዜ ይሁን። የማይተካውን ፎቶና ጽሑፍ ይገልብጡ። በመጨረሻም ከቤተሰቡ አንድ ሰው ይመደብ፤ በወር አንድ ቀን እነዚህን ነገሮች የሚያይ። ብዙ ቤት ውስጥ ይህ ሥራ የሁሉም ስለሆነ የማንም አይደለም። አሥራ አምስት ዓመት የሞላው ልጅ በደንብ ይችለዋል፤ አደራ ሲሰጠው ደግሞ ክራክ ለመጫን እጁ ያን ያህል አይፈጥንም።